የኤክስካቫተር ባኬት ፒንና ቡሽ በቶርኖ መሥራት፦ ከልኬት እስከ ገጠማ

የኤክስካቫተር ባኬት ቋ ቋ ማለት ሲጀምር ኦፕሬተሩ መጀመሪያ ግራሶ ይጨምራል። ድምፁ ለሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው ይመለሳል። ከዚያ መካኒኩ ይጠራል። መካኒኩ ፒኑን፣ ማለትም ባኬቱን ከማሽኑ ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ዘንግ፣ አውጥቶ በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚጠርብ ማሽን) ቤት ይመጣል። "ይህችን አስመስለህ ሥራልኝ፤ ማሽኑ ቆሟል፤ ሰዓት እየቆጠረብን ነው" ይላል።

ጣጣው የሚጀምረው "አስመስለህ" ከምትለው ቃል ነው። ያለቀ ዕቃ አስመስላችሁ ከሠራችሁ የምታገኙት አዲስ የሆነ ያለቀ ዕቃ ነው። እኔ ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ፒን ልክ እንደመጣልኝ 78.6 ሚሊ አድርጌ አወጣሁት። ሲያብረቀርቅ ደስ ይል ነበር። ፒኑ ግን ሲፈጠር 80 ሚሊ ነበር፤ 1.4 ሚሊውን አፈርና ድንጋይ በልቶት ነው። ባኬቱ በገጠሙት ቀን ማታ እንደ ድሮው ቋ ቋ አለ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። ፒኑን የሻይ ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ ለወር ያህል ስኳሩን በሱ ላይ ያስደግፍ ነበር።

ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ የቶርኖ አነዳድ ብቻ አይደለም። ቶርኖው ቀላሉ ክፍል ነው። ለምሳሌ የምወስደው የ20 ቶን ክፍል ኤክስካቫተርን ነው፤ መንገድ ሥራና ካባ ላይ በብዛት የምናየው እሱ ስለሆነ። በዚህ ክፍል የባኬት ፒን ብዙ ጊዜ 80 ሚሊ ነው። ፒኑ የሚሽከረከርበት፣ ክንዱ ውስጥ የሚቀመጠው የብረት ቀለበት ቡሽ ይባላል፤ የቡሹን የውጭ ስፋት 95 ሚሊ ብለን እንያዝ። የእናንተ ማሽን ሌላ ቁጥር ካለው ቁጥሩን ቀይሩ፣ ሒሳቡ ያው ነው። (የድሮ ቶርኖ ሠራተኞች ቡሹን ቦኮላ ይሉታል። ሁለቱም አንድ ናቸው።)

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሁሉም ዕቃ ቶርኖ ላይ አይወጣም። ፒን፣ ቡሽ፣ ስፔሰር፣ ሺም (ክፍተት የሚሞላ ቀጭን ቀለበት)፣ የሲሊንደር ጫፍ ቡሽ፣ እነዚህን ሥሩ። የሃይድሮሊክ ፓምፕ የውስጥ ዕቃ፣ የቫልቭ ስፑል፣ የፍሬን ዕቃ፣ የማዞሪያ ቀለበቱን የሚይዙ ቡሎኖች፣ እነዚህን ግን ኤልሲ (ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው ሰነድ) እስኪከፈት ወር ቢፈጅም ጠብቃችሁ ግዙ። የማዞሪያው ቡሎን ሲበጠስ የሚወድቀው የማሽኑ የላይኛው ክፍል ከነኦፕሬተሩ ነው።

ፒኑን ማውጣት

ባኬቱን ደልዳላ መሬት ላይ አስተኙት። ሞተሩን አጥፉ፤ ከዚያ ሊቨሮቹን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሳችሁ የቀረውን የሃይድሮሊክ ግፊት አውጡ። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቡም (የማሽኑ ትልቁ ክንድ) ሥር ማንም ሰው እንዳይገባ። "ለአንድ ደቂቃ ነው" የሚባል ነገር የለም።

ፒኑን በመዶሻ በቀጥታ አትምቱት። የፒኑ ገጽ ጠንካራ ነው፣ መዶሻውም ጠንካራ ነው። ሁለት ጠንካራ ብረቶች ሲጋጩ ፍንጣሪው እንደ ጥይት ይወጣል። መሀል ላይ የነሐስ ወይም የለስላሳ ብረት ዘንግ አስገቡ፣ መነጽር አድርጉ።

ልኬት፦ ሥራው ሁሉ እዚህ ነው

ፒኑን በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁት። አሁን ማየት ያለባችሁ ያልተበላውን ቦታ ነው። ፒን ርዝመቱን ሙሉ እኩል አያልቅም። ቡሹ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ይበላል። በባኬቱ ጆሮ ውስጥ የተቀመጠው ጫፍና በሁለት ቡሾች መካከል የቀረው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ እንደተፈጠረ ይቆያል። በማይክሮሜትር እዚያ ለኩ። 79.94 ወይም 79.96 ካነበባችሁ ዋናው ልክ 80 መሆኑን አወቃችሁ። ያልተነካ ቦታ ከሌለው ወደ ማሽኑ ሂዱና የባኬቱን ጆሮ ቀዳዳ ለኩ፤ ሌላ ያላለቀ ፒን ካለም እሱን እዩ። ካሊፐር ለርዝመት ይሁን። ለዲያሜትር አትመኑት።

ከዚያ የማሽኑ ክንድ ላይ ያለውን የቡሽ ቤት ለኩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቀዳዳውን በሦስት ጥልቀት፣ በእያንዳንዱ ጥልቀት በሁለት አቅጣጫ ለኩት፤ አንዱ ባኬቱ በሚጎትትበት አቅጣጫ፣ አንዱ ደግሞ በተሻገረው። ስድስት ቁጥር ታገኛላችሁ። ስድስቱም ከተቀራረቡ ዕድለኞች ናችሁ። የሚጎተትበት አቅጣጫ ከሌላው በ0.1 ሚሊና ከዚያ በላይ ከሰፋ ቀዳዳው እንቁላል ሆኗል ማለት ነው። እንቁላል ቀዳዳ ውስጥ ክብ ቡሽ ብትመቱ በሳምንቱ ውስጡ መዞር ይጀምራል። ሲዞር የግራሶ ቀዳዳው ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ግራሶ ብትጨምሩም የሚደርስበት የለም።

የቀሩትን ልኬቶች በወረቀት ላይ ሥዕል ሥላችሁ አስፍሩ፦ የፒኑ ጠቅላላ ርዝመት፣ የመቆለፊያው ቡሎን ቀዳዳ ከጫፉ ያለው ርቀት፣ የቡሹ ርዝመት። ቡሹ ከቤቱ አጠር ያለ መሆኑን አስተውሉ። በሁለቱ ጫፎች የቀረው ቦታ የአቧራ ሲል (አፈር እንዳይገባ የሚከለክለው ቀለበት) መቀመጫ ነው። ቡሹን ከቤቱ እኩል አድርጋችሁ ከሠራችሁ ሲሉ ቦታ ያጣና አፈሩ በቀጥታ ይገባል።

ግራሶው ከየት እንደሚመጣም እዩ። በአንዳንዱ መገጣጠሚያ ኒፕሉ (ግራሶ የሚወጋበት አፍ) ፒኑ ጫፍ ላይ ነው። በአንዳንዱ ደግሞ ክንዱ ላይ ሆኖ ግራሶው በቡሹ ቀዳዳ በኩል ይገባል። የሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ፒኑን መብሳት አያስፈልግም።

ብረቱ

ከሱቅ "ጠንካራ ብረት ስጠኝ" ብሎ መግዛት ቁማር ነው። ለፒን የሚሆነው 4140 የሚባለው ወይም በአውሮፓ ስያሜው 42 ክሮሞ 4 የሆነው ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ነው። ካርቦኑ 0.4 በመቶ ገደማ ነው። ከፋብሪካ ተጠንክሮና ቴምፐር ሆኖ (እንዳይሰባበር እንደገና በመጠኑ ሞቆ) በሮክዌል ሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) ከ28 እስከ 32 የሚመጣው ዓይነት አለ። ካገኛችሁ እሱን ግዙ። በካርባይድ ቱል (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ምላጭ) ያለ ችግር ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ እሳት አያስፈልገውም። እሱ ከጠፋ ሲ 45 የሚባለው ተራ የካርቦን ብረት ይሠራል፤ ቶሎ ያልቃል እንጂ። ፌሮ ግን አይሆንም። ጭራሽ። በዚህ ክፍል ኤክስካቫተር የባኬቱ ጥርስ የሚያሳርፈው ጉልበት ከ10 ቶን በላይ ነው፤ ፌሮውን እንደ ምስማር ያጥፈዋል።

እዚህ አገር የተለመደው ሌላው ምንጭ የአሮጌ ሃይድሮሊክ ሲሊንደር ዘንግና የጭነት መኪና አክስል ነው። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አብዛኞቹ ገጻቸው በኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ ሙቀት) የጠነከረ ነው፤ ላዩን አንድ ሁለት ሚሊ ያህል ቱል ሲበላችሁ ይውላል። የሲሊንደሩ ዘንግ ላይ ደግሞ ክሮም አለ። ክሮሙን ስትሞርዱ አቧራውን አትተንፍሱት፤ ማስክ አድርጉ። አክስል ከሆነ ለዓመታት ሲጠመዘዝ የኖረ ስለሆነ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ስንጥቅ ማሳያ የሚረጭ ቀለም ካላችሁ ተጠቀሙበት። ከሌላችሁ በናፍጣ ነክራችሁ ጥረጉና ጠመኔ ቀቡበት። ስንጥቅ ካለ ናፍጣው በነጩ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

የቤት ውስጥ ማጠንከርን በተመለከተ ብዙ ሰው በጋዝ ነበልባል አቅልቶ ዘይት ውስጥ ይጨምራል። 80 ሚሊ ውፍረት ያለውን ብረት በነበልባል እኩል ማሞቅ አይቻልም። አንዱ ጎን ይጠነክራል፣ አንዱ ይቀራል፣ ፒኑም ይጣመማል። 4140 ዘይት ውስጥ የሚገባው 850 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንደወጣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ቴምፐር መሆን አለበት። ምድጃ ያለው ቦታ ካለ እዚያ ላኩት። ከሌለ ፋብሪካ ባጠነከረው ብረት ሥሩ። ትንሽ ፈጥኖ ያለቀ ፒን ካባ መሀል ከተሰበረ ፒን ይሻላል።

ለቡሹ ሲ 45 ይበቃል። የኔ አስተያየት ቡሹ ከፒኑ ለስለስ ይበል ነው። አንዱ ማለቅ ካለበት ርካሹ ይለቅ።

ቁጥሩን መጀመሪያ ወረቀት ላይ

ቶርኖው ከመነሳቱ በፊት ይህን ጨርሱ። የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። ፒኑ ቡሹ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ክፍተት፣ ቡሹ ቤቱ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ጥብቀት።

ቤቱ 95.02 ከለካችሁ ቡሹን 95.09 አውጡት። 0.07 ጥብቀት ማለት ነው። ለዚህ ስፋት ከ0.05 እስከ 0.09 ያለው ጥሩ ነው።

አሁን ወጥመዱ ይመጣል። ቡሹ ተጨምቆ ሲገባ የውስጥ ቀዳዳውም ይጠባል። በዚህ ውፍረት ከ0.07ቱ ጥብቀት ወደ 0.05 የሚሆነው ወደ ውስጥ ይመጣል። ፒናችሁ 79.95 ቢሆንና ከገጠማ በኋላ 0.25 ክፍተት ብትፈልጉ ቡሹን ከመግባቱ በፊት 80.25 አድርጋችሁ ቅደዱት። ከገባ በኋላ 80.20 ይሆናል። ይህን ሳያስብ 0.05 ክፍተት ብቻ የተወ ሰው በጭራሽ የማይገባ ፒን ይዞ ማሽኑ ሥር ይቀመጣል።

0.25 ሲባል "ላላ አይልም?" የሚል አይጠፋም። አይልም። ግራሶ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። የመኪና ሞተር አይደለም፣ አፈር የሚቆፍር ማሽን ነው።

ፒኑን መጠረብ

90 ሚሊ ዘንግ በሴጌቶ ማሽን ቁረጡ፤ ከርዝመቱ 5 ሚሊ ያህል አትርፉ። ሁለቱንም ጫፍ አስተካክላችሁ ሴንተር (የመሀል መደገፊያ ቀዳዳ) ብሱ። ፒኑ ረጅም ስለሆነ በቸክ (ዘንጉን በሚይዘው የቶርኖ መንጋጋ) ብቻ ይዛችሁ አትሥሩ፤ ጫፉ ይሸሻል። አንዱን በቸክ፣ ሌላውን በሚሽከረከር ሴንተር (ቀዳዳው ውስጥ በሚገባ ሹል መደገፊያ) ያዙት።

ፍጥነቱን ለማውጣት ቀላል ሒሳብ አለ። የመቁረጫ ፍጥነቱን በሜትር በደቂቃ ውሰዱ፣ በ318 አባዙ፣ በዲያሜትሩ በሚሊ አካፍሉ። በካርባይድ 100 ሜትር ብንል ለ90 ሚሊ ዘንግ 350 ዙር ገደማ ይመጣል። በተራ የሃይስፒድ ቱል 25 ሜትር ከሆነ 90 ዙር ገደማ ነው። ለሻካራው ቆረጣ በዲያሜትር 4 ሚሊ እየቀነሳችሁ፣ በዙር 0.25 ሚሊ እያስኬዳችሁ ሂዱ። ቶርኖው ካረጀና ከተንቀጠቀጠ ቀንሱ።

80.5 ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ሻይ ጠጡ። ቀልዴን አይደለም። ከሻካራ ቆረጣ የወጣ ብረት ሙቅ ነው፣ ሙቅ ብረት ደግሞ ይዋሻል። 80 ሚሊ ብረት በ40 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.04 ሚሊ ገደማ ይሰፋል። በሙቀቱ 79.95 ብላችሁ የተደሰታችሁበት ፒን ሲቀዘቅዝ 79.91 ነው። እጃችሁን አስቀምጣችሁበት ቅዝቃዜው እንደ ቶርኖው አልጋ እስኪሆን ጠብቁ።

ከቀዘቀዘ በኋላ ትንሽ ቆርጣችሁ ሁለቱንም ጫፍና መሀሉን ለኩ። በአንዱ ጫፍ ወፍሮ በሌላው ከቀጠነ የኋላው ሴንተር ከመስመሩ ወጥቷል። እሱን ሳታስተካክሉ አትጨርሱ። ልዩነቱ ከ0.02 በታች ሲሆን በ0.1 ሚሊ አካሄድ የመጨረሻውን ቁረጡ። በቀጭን የአሸዋ ወረቀትና በዘይት አለስልሱ። ወረቀቱን ግን ጣታችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉን ያዙ። ቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም። ረጅም እጅጌ ይሰበሰባል። የብረት ፍቅፋቂ በመንጠቆ እንጂ በእጅ አይሳብም።

በፒኑ መግቢያ ጫፍ 5 ሚሊ ያህል ሸርተት ያለ ጠርዝ ስጡት። ገጠማ ላይ ታመሰግኑኛላችሁ። ፒኑ ራስ ወይም ደረጃ ካለው ጥጉን ስል አድርጋችሁ አትቁረጡ። ቱሉ ጫፍ ላይ ክብነት ኖሮት ጥጉ ቢያንስ 2 ሚሊ ክብ ይሁን። የሚሰበር ፒን ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ከዚያ ስል ጥግ ጀምሮ ነው።

የግራሶ መንገድ የሚያስፈልገው ከሆነ ከጫፉ እስከ ቡሹ መሀል ድረስ 8 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፣ ከዚያ ከጎን በተሻገረ ቀዳዳ አገናኙት። የሚወጣበት አፍ ባኬቱ ሲቆፍር ከሚጫነው ጎን በተቃራኒ ይሁን። በተጫነው ጎን ከሆነ ብረቱ ራሱ አፉን ይዘጋዋል። አፉን በሊማ አለስልሱት።

ቡሹ

ቡሽ ሲሠራ ውስጡና ውጩ በአንድ አያያዝ ይለቅ። ዘንጉን በቸክ ያዙ፣ ቀዳዳውን በትራፓኖ ክፈቱ፣ በቦሪንግ ባር አስፉ፣ ውጩን ጥረቡ፣ በመጨረሻ ቁረጡት። ገልብጣችሁ ሁለት ጊዜ ከያዛችሁት የውስጡና የውጩ ማዕከል ይለያያል።

ውስጡ ላይ የግራሶ ቦይ ያስፈልጋል። ስፋቱ 3 ሚሊ፣ ጥልቀቱ 1.5 ይበቃል። ቦዩ እስከ ቡሹ ጫፍ አይድረስ፤ ከደረሰ ግራሶው ሥራውን ሳይሠራ ወጥቶ ይሄዳል። ግራሶው ከክንዱ የሚመጣ ከሆነ በቡሹ ውጭ ዙሪያም አንድ ቦይ አውጡና ሁለት ሦስት ቦታ ወደ ውስጥ ብሱት። እንዲህ ከሆነ ቡሹ ሲገባ ትንሽ ቢዞርም ቀዳዳው ከቀዳዳ አይጠፋፋም።

ቤቱ እንቁላል ከሆነ

እዚህ ላይ ቶርኖው አይረዳችሁም። በብየዳ ሞልቶ በተንቀሳቃሽ የላይን ቦሪንግ ማሽን መቅደድ ነው። ከመበየዳችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ ኮምፒውተር ያለው ማሽን ከሆነ ሶኬቱንም ንቀሉ። የብየዳውን ምድር ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰሩት። ሩቅ ካሰራችሁት ከረንቱ በፒንና በኩሽኔታ በኩል አልፎ እነሱን ይበላል።

7018 ኤሌክትሮድ ተጠቀሙ፣ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። ክረምቱን ተከፍቶ የከረመ ፓኬት እርጥበት ጠጥቷል፤ በምድጃ ሳይደርቅ ከበየዳችሁ ብየዳው ይሰነጠቃል። ብረቱን አስቀድማችሁ 150 ዲግሪ ገደማ አሙቁት። ስትጨርሱ በአመድ ወይም በደረቅ አሸዋ ሸፍኑትና ቀስ ብሎ ይብረድ። ዙሪያውን ከሚያስፈልገው 3 ሚሊ አሳልፋችሁ ሙሉ። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን ቀዳዳዎች በአንድ ባር፣ በአንድ አሰላለፍ ቅደዱ። ለየብቻ ከተቀደዱ ፒኑ ይንጋደዳል፣ የሠራችሁት ሁሉ በወር ያልቃል።

ገጠማ

ቡሹን በመዶሻ አትምቱት። 20 ቶን ፕሬስ ካለ ለዚህ ጥብቀት ይበቃል። ካምፕ ላይ ግን ፕሬስ የለም። ያለው ምንድን ነው? የካንቲን ፍሪዘር! ቡሹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ከ25 ዲግሪ ወደ ከዜሮ በታች 18 ሲወርድ 95 ሚሊው በ0.05 ገደማ ይጠባል። ጠዋት የክንዱን ቤት በለስላሳ ነበልባል ዙሪያውን እያዞራችሁ 120 ዲግሪ አድርሱት። ከግራሶና ከዘይት በደንብ የጸዳ ይሁን፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ውኃ ጠብ ስታደርጉበት ወዲያው ከፈላ ደርሷል። ቤቱ ደግሞ በ0.1 ገደማ ይሰፋል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.15 ነው፤ ጥብቀታችሁ 0.07 ነበር። ቡሹ በእጅ ይንሸራተታል።

አንድ ዕድል ብቻ እንዳላችሁ ግን እወቁ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችሁ ካሰባችሁ ሙቀቱ ይተላለፍና እዚያው ይነክሳል። የግራሶውን ቀዳዳ አቅጣጫ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ መቆሚያውን አዘጋጁ፣ ረዳታችሁን ቦታው ላይ አቁሙና በአንድ ትንፋሽ አስገቡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው እዚህ አይሠራም፤ እዚህ መቸኮል ነው።

ሲቀዘቅዝ ቀዳዳውን ለኩ፣ ፒኑን በእጅ ሞክሩ። አዲስ ሲል አግቡ። ባኬቱን ስታስጠጉ ቀዳዳው መግጠሙን ለማየት ጣታችሁን ፈጽሞ አትክተቱ፤ በብረት ዘንግ ፈልጉት። ፒኑ ከገባ በኋላ በባኬቱ ጆሮና በክንዱ መካከል የቀረውን ክፍተት በሺም ሙሉት፤ 1 ሚሊ ያህል ብቻ ይቅር። የመቆለፊያውን ቡሎን በሁለት ዳዶ እሰሩ። ሁለቱ ዳዶዎች እርስ በርስ ይጣበቁ እንጂ ጆሮውን አይጭመቁት።

ንጹሕ ግራሶ በሲሉ ጎን እስኪወጣ ድረስ ውጉ። የመጀመሪያውን ቀን ለስላሳ አፈር ላይ ይሥራ፤ ድንጋይ ላይ አታስገቡት። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ቡሎኑንና ሺሙን እዩ፣ እንደገና ግራሶ ስጡ። ያን በእጅ የሣላችሁትን ወረቀት አትጣሉት። ቀኑንና የማሽኑን የሰዓት ቆጣሪ ጽፋችሁ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ መካኒኩ ያለቀውን ፒን በጆንያ ይዞ ሲመጣ ፒኑን ትታችሁ ወረቀቱን ነው የምትከፍቱት።